ጊታሩ፣ ግራውንዱና የልጆቻችን ልብ



አዘጋጆቹ «ስለ ጤና አንድ ነገር በይን» ሲሉኝ ስኳርና ደም ግፊት የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ግን ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ላወራ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ሠርተን የወጣነው ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ነው። እኛ የሮሃ ባንዱን የሰላም ስዩምን ጊታር በካሴት ሰምተን አደግን፤ ልጆቻችን ደግሞ እዚያው በየአዳራሹና በየጸሎት ቤቱ ራሳቸው ጊታር ይዘዋል።

ከክሮቹ ሥር ያለው ፒክአፕ ማግኔትና በሺህ የሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱ መስክ ይለዋወጣል፣ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል። እኛ በኢሲጂ ከደረት ላይ የምናነሳው ደግሞ 1 ሚሊቮልት ገደማ ነው። የሁለቱም ጠላት አንድ ነው፤ የመብራቱ 50 ሄርዝ። ኢሲጂው ላይ መስመሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ጊታሩ ላይ «እዝዝ» ይላል።

ልጁ ክሩን ሲነካ እዝዝታው ይቀንሳል። ብዙ ሰው «ሰውነቴ ግራውንድ ሆነለት» ይላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሰውነታችን የመብራቱን ረብሻ እንደ አንቴና ይሰበስባል። ክሮቹ በአንዲት ቀጭን ሽቦና በኬብሉ መከለያ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር ተያይዘዋል። ስለዚህ ልጁን ግራውንድ የሚያደርገው ጊታሩ ነው።

እንግዲህ አምፕሊፋየሩ ራሱ ግራውንድ ከሌለውስ? ሶኬቱ ሁለት ሽቦ ብቻ ከሆነ ወይም የመሰኪያው ሦስተኛ እግር ከተቆረጠ፣ ውስጥ የተላጠ ሽቦ ብረቱን በነካ ቀን 220 ቮልት በዚያችው መንገድ እስከ ክሩ ይመጣል። ጊታሩ እንደ ወትሮው ሊጫወት ይችላል። ልጁ ከንፈሩን በሌላ መስመር ግራውንድ ወደተደረገ ማይክ ሲያስጠጋ ግን ኤሌክትሪኩ ከእጁ ወደ አፉ፣ በደረቱ በኩል ያልፋል። የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 ስዋንሲ መድረክ ላይ የሞተው ጊታሩን እንደያዘ ማይክ ነክቶ ነው። ከ10 እስከ 20 ሚሊአምፔር እጅን ጨምድዶ አያስለቅቅም፤ 100 ገደማ ሲደርስ ልብን ፊብሪሌሽን ውስጥ ሊከት ይችላል።

ስለዚህ አደራ! እዝዝታ ለማጥፋት ተብሎ የግራውንድ እግር አይቆረጥ። ጊታሩ፣ ማይኩና ሚክሰሩ ግራውንዱ በባለሙያ ተለክቶ ከተረጋገጠ አንድ መስመር ይሰኩ፤ ጄኔሬተርም ቢሆን ያው ነው። በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር ይገጠም። ሰው ከተያዘ መጀመሪያ መብራቱ ይጥፋ፣ ከዚያ ነው የሚነካው። ትንፋሽ ከሌለው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ደረቱን መጫን ነው፤ ይህን ለሰፈራችን ወጣቶች ከእኛ የተሻለ ማን ያስተምራቸዋል?