ርግብ ጎጆዋን የምትሠራው በምርጫ ነው ወይስ በአጋጣሚ?



መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከቦሌ በባሕር ዳር በኩል ወደ አስመራ ይጓዝ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባ። አብራሪዎቹ ተመልሰው ለማረፍ ቢሞክሩም ሞተሮቹ ጠፉ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሕይወታቸው አለፈ። እነዚህ ርግቦች በገደልና በሕንፃ ጥጋጥግ ጎጆ ሠርተው እህል እየለቀሙ የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ የጎጆአቸው ነገር የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያም፣ የእህል መጋዘን ያለው ማኅበርም ጉዳይ ነው።

አንድ አባል «ርግብ የምትሠራው ነፋስና ዝናብ በማይመታው ግድግዳ ነው፤ ሽቦ የሚያስፈልገው በዚያ በኩል ብቻ ነው» ቢል፣ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አባባሉ እንዴት ይፈተናል? መንገዱ ፕሮባብሊቲ የሚባለው የይሆናልነት ስሌት ነው።

በመጀመሪያ ግምቱ ከቆጠራው በፊት በጽሑፍ ይያዛል። ቀጥሎ ተራርቀው የሚገኙ 10 መጋዘኖች ተመርጠው፣ በእያንዳንዱ ብዙ ጎጆ የተገኘው ነፋስ በሚመታው ነው ወይስ በማይመታው ግድግዳ የሚለው ይመዘገባል። ርግብ ምርጫ ከሌላት ውጤቱ ሳንቲም ወርውሮ ዘውድና ጎፈር እንደማለት ነው።

ከ10 መጋዘኖች 7ቱ ግምቱን ቢደግፉ ብዙ ሰው «ተረጋገጠ» ይላል። ነገር ግን 10 ጊዜ በተወረወረ ሳንቲም 7 ወይም ከዚያ በላይ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ከመቶ 17 ያህል ነው፤ ይህ ማስረጃ አይሆንም። 9 ወይም 10 ከሆነ ግን በአጋጣሚ የመድረሱ ዕድል ከመቶ 1 ያህል ብቻ ነው። ያን ጊዜ ግምቱ ክብደት ያገኛል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የሚቆጠረው መጋዘኑ እንጂ ጎጆው አይደለም፤ ርግቦች ተጠጋግተው ስለሚሠሩ በአንድ ግድግዳ ያሉ 20 ጎጆዎች 20 ምስክር አይሆኑም። ደግሞም ስሌቱ ምርጫ መኖሩን እንጂ ምክንያቱን አያሳይም። ነፋስ የማይመታው ግድግዳ ለአውድማ የቀረበው ከሆነ፣ ርግቧን የሳባት እህሉ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ሽቦ ከመገዛቱ በፊት ቆጠራው ይቅደም። የማኅበር ገንዘብ የአባላት ላብ ነውና በግምት አይወጣም።