ከአንድ በላይ ማግባት እና የሞርሞኖች ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ከአንድ በላይ ማግባት በተነሳ ቁጥር ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደ ሙስሊሙ ነው። ነገር ግን በአሜሪካ ምድር፣ ክርስቲያን ነን የሚሉ ሞርሞኖች የሚባሉ ሰዎች ይህንኑ የሃይማኖታቸው ትእዛዝ አድርገው ከመንግሥት ጋር ለረጅም ዓመታት ታግለዋል። ታሪካቸውን የምናነሳው ለመሳለቅ ሳይሆን ለራሳችን ቤት ትምህርት ስለሚሆነን ነው።

ሃይማኖቱን እ.ኤ.አ. በ1830 በኒውዮርክ ግዛት የመሠረተው ጆሴፍ ስሚዝ ነው። ብዙ ሚስት ማግባትን የሚመለከት «ራእይ» በጽሑፍ ያሰፈረው በ1843 ነው፤ ጋብቻዎቹ ግን ከዚያ በፊት በድብቅ ተጀምረው ነበር። ለመጀመሪያ ሚስቱ ለኤማ ሳይነገር የተፈጸሙም ነበሩ። በ1844 እስር ቤት ሳለ በመንጋ ተገደለ። ተከታዮቹ በብሪገም ያንግ መሪነት በ1847 ዩታ ገቡ፤ ጉዳዩንም በ1852 በይፋ አወጁት።

መንግሥትም ዝም አላለም። በ1862 ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ ወጣ። በ1879 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የእምነት ነጻነት ሕግን ለመጣስ ምክንያት እንደማይሆን ፈረደ። በ1882 ከአንድ በላይ ሚስት ይዞ የሚኖር ሰው እስከ ስድስት ወር እንዲታሰርና የመምረጥ መብቱን እንዲያጣ ተደነገገ። በ1887 ደግሞ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕጋዊ ሰውነት ፈረሰ፤ ንብረቷም እንዲወረስ ተወሰነ። ወንዶቹ ወህኒ ወረዱ፣ መሪዎቹ ተሸሸጉ። እርጉዝ ሴቶች ባላቸው በእነርሱ ምክንያት እንዳይከሰስ ከቤት ቤት እየተደበቁ ኖሩ።

በመጨረሻም በመስከረም 1890 የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ዊልፎርድ ውድረፍ፣ ሕግ የሚከለክለውን ጋብቻ ተከታዮቹ እንዲተዉ የሚመክር መግለጫ አወጣ። ዩታም በ1896 ክፍለ ግዛት ሆነች። ይሁንና አንዳንዶቹ በምስጢር ማግባታቸውን ስላልተዉ በ1904 ሁለተኛ መግለጫ አስፈለገ። እምቢ ያሉት ተገንጥለው ወጡ፤ ተከታዮቻቸው ዛሬም አሉ።

ውድ አድማጮች፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። የ1890 መግለጫ ቀደም ሲል ስለተጋቡት ሚስቶችና ልጆች እጣ ምንም አላለም። አንዳንዱ ባል ቤተሰቡን መጦሩን ቀጠለ፤ አንዳንዱ ተወ። ወረቀት በአንድ ቀን ይጻፋል፤ የተመሠረተ ቤት ግን በአንድ ቀን አይፈታም።

በእኛስ ዘንድ? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ ወሰኑን አራት አድርጓል፤ ፍትሕ እንዳያጓድል የሚፈራም በአንዲት እንዲወሰን አዟል። ኒካሕም ወሊይና ምስክሮች ያሉበት፣ ለሕዝብ የሚገለጽ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሁለት ሚስቶቹ ወደ አንዷ ብቻ ያዘነበለ ሰው በትንሣኤ ቀን ጎኑ ተዘንብሎ እንደሚመጣ አስጠንቅቀዋል።

ታዲያ ዛሬ ለንግድ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ በድብቅ የሚያገባው ወንድማችን ምን ይላል? የመጀመሪያዋ እህታችን የምትሰማው በጀናዛው ቀን፣ የማታውቃቸው ልጆች «አባታችን ነው» እያሉ ሲያለቅሱ ነው። ከዚያ የውርስ ክርክር ይከተላል። የእነዚያ ሕፃናት ጥፋት ምንድን ነው? ሸሪዓው የፈቀደልኝን ነው ያደረግኩት ማለት አይበቃም፤ ሸሪዓው የፈቀደው ከነኃላፊነቱ ነው።

በዚህ ያላችሁ ወንድሞች፣ ሳይመሽባችሁ ቤተሰባችሁን ሰብስባችሁ እውነቱን ተናገሩ። ሽማግሌ አስቀምጡ፤ ወጪውንና ተራውን በፍትሕ አካፍሉ፤ የልጆቻችሁን ሐቅ አስመዝግቡ። ከሚስት ቁጣ ይልቅ የአላህ ጥያቄ ይከብዳል።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤታችንን በፍትሕና በእዝነት ይሙላልን። አሚን።