የእጅ ባትሪና የአዲሱ አምፖል ሙቀት



በዳባትና በደባርቅ ደጋ ለማሕሌት የሚነሣ ካህን፣ ወደ ምጥ ቤት በሌሊት የተጠራ የጤና ሠራተኛ፣ መንገዱን ከገደሉ የሚለየው በእጅ ባትሪ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ከጎንደር ገበያ የኤል ኢ ዲ አምፖል ገዝቶ በአሮጌው ባትሪ ይተክላል። ብርሃኑ ጥቂት ደምቆ ይደክማል፤ የሚወቀሰውም የባትሪው ድንጋይ ነው። እኔም ወቅሼዋለሁ።

የአሮጌው አምፖል ክር ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ ሙቀቱን በአመዛኙ በጨረር ወደ ውጭ ይለቀዋል። ኤል ኢ ዲ ግን ሙቀቱን በጨረር አያወጣም፤ በብረት ተላልፎ መውጣት አለበት። ከባለ 3 ዋት ርካሽ አምፖል 2 ዋት ያህሉ ሙቀት ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ መንገዱን ይዘጋበታል። ኤል ኢ ዲ በጋለ መጠን ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

«በደጋ ብርድ ምን ሙቀት አለ?» የሚል አይጠፋም። ብርዱስ በመጠኑ ይረዳል፤ ነገር ግን በደባርቅ፣ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። የሚያቀዘቅዘውም የባትሪውን ገላ እንጂ ውስጡን አይደለም። እንዲያውም ደማቅ አምፖል የተተከለበት ፕላስቲክ ባትሪ በእጃችሁ ከቀዘቀዘ፣ ሙቀቱ ከውስጥ አልወጣም ማለት ነው። እጅ የሚያሞቀው የአሉሚኒየም ባትሪ ይሻላል።

ስለዚህ ለፕላስቲኩ ከ1 ዋት የማይበልጥ አምፖል ይመረጥ፤ ብርሃኑ አነስ ቢልም እስከ ንጋት ይዘልቃል። ባለ 3 ዋቱ ለአሉሚኒየሙ ይሁን፤ በዚያም ቢሆን የአምፖሉ አንገት ከብረቱ ጋር በደንብ መገናኘቱን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።