የማን እጅ ጻፈው?

በዓለም ገና ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ይህ ስብሰባ የሚደረግባት ዓለም ገና በመንገድ ሥራ ሙያ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። አያሌ የመንገድ ሠራተኞችና የከባድ መኪና ነጂዎች ሙያቸውን የቀሰሙት በዚሁ ነው። የአፈርና የጠጠር ናሙና መፈተን የተማረ ባለሙያ ሁሉ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይኸውም ፈታኙ ክንዱን በሚዛኑ ላይ ካሳረፈ የተመዘነው ናሙናው ብቻ አለመሆኑን ነው። የዛሬው ርእስ ከመንገድ ሥራ የራቀ ቢመስልም የሚቆመው በዚሁ እውነት ላይ ነው።

ነገሩ ኦቲዝም ኖሮባቸው በአንደበታቸው መናገር ያልቻሉትን ሰዎች ይመለከታል። ልጅዋ ሲያለቅስ ሆዱን ይመመው ጥርሱን፣ ይራበው ወይም ይፍራ ሳታውቅ ዓመታት የሚያልፉባት እናት ጥቂት አይደለችም። እንዲህ ላለች እናት «ልጅሽ የሚያስበውን በፊደል ይጽፍልሻል» የሚል ሰው ቢመጣላት የሚሰማትን ደስታ መገመት አያዳግትም።

እንዲህ ያለው ተስፋ በዓለም ላይ በእርግጥ ታውጆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን ከተማ፣ ሮዝሜሪ ክሮስሊ የተባለች መምህርት አካሏን ማዘዝ የማትችለውን አን ማክዶናልድን ክንዷን ደግፋ ፊደል በማስጠቆም ማሠልጠን ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1979 የቪክቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወጣቷ ከምትኖርበት ሆስፒታል የመውጣት መብት እንዳላት ወሰነ። ከዚያም በአሜሪካ የሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ዳግላስ ቢክለን እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጽሑፍ ዘዴው ኦቲዝም ላለባቸውም እንደሚሠራ ስለ ገለጹ ነገሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተዛመተ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ደጋፊው የልጁን እጅ፣ አንጓ ወይም ክንድ ይይዛል፤ ልጁም በፊደል ገበታ ወይም በጽሕፈት መኪና ላይ ይጠቁማል። አንድም ቃል ተናግረው የማያውቁ ልጆች ረቂቅ ሐሳብ ጻፉ ተባለ፤ ብዙ ወላጅም በደስታ አለቀሰ።

ጥያቄው የመጣው በኋላ ነው፤ የጻፈው የማን እጅ ነው? እ.ኤ.አ. በ1993 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በሚገኝ አንድ ተቋም 12 ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎችና 9 ደጋፊዎች ተፈተኑ። ለተጠቋሚውና ለደጋፊው ሥዕል ይታያቸዋል፤ አንዱ ግን ሌላው ያየውን አያይም። ሁለቱ የተለያየ ሥዕል ባዩ ጊዜ የተጻፈው ደጋፊው ያየው ሆነ፤ ደጋፊው ሳያይ በትክክል የተመለሰ አንድም መልስ አልተገኘም። ሌሎችም ጥብቅ ፈተናዎች ይህንኑ አረጋገጡ። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ዘዴው ሳይንሳዊ ድጋፍ የሌለው መሆኑን አስታወቀ፤ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2018 ዘዴው በሥራ ላይ እንዳይውል በድጋሚ አሳሰበ።

ደጋፊዎቹ አታላዮች ነበሩ ማለት ግን አይደለም። አብዛኞቹ ቅን ሰዎች ስለ ነበሩ የፈተናው ውጤት በተገለጸላቸው ጊዜ ራሳቸው እጅግ ደነገጡ። ሰው የሚጠብቀውን ነገር በሐሳቡ ይዞ ሳለ ጡንቻው ሳይታወቀው ይንቀሳቀሳል። በዚህ ምዕተ ዓመት መባቻ ሳይሆን ከዚያ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1907፣ ኦስካር ፕፉንግስት በበርሊን ሒሳብ ያውቃል የተባለው ፈረስ መልሱን የሚያገኘው ከጠያቂው ጥቃቅን የሰውነት እንቅስቃሴ መሆኑን አሳይቶ ነበር። የቅንነት ስሕተትም ቢሆን ጉዳቱ ቀላል አልነበረም፤ በዚህ መንገድ በተጻፈ ክስ በአሜሪካ ወላጆች ታስረዋል፣ ልጆችም ከቤታቸው ተወስደዋል።

ዘዴው በአማርኛ ፊደል ቢሠራ ምን ይሆናል? ስፋቱ 29.7 በ42 ሳንቲ ሜትር በሆነ ወረቀት ላይ 26ቱ የላቲን ፊደላት ቢሰፍሩ ለእያንዳንዱ 48 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሰዋል። 33ቱ ፊደላት በ7 ረድፍ ተባዝተው 231 ሲሆኑ ግን የአንዱ ድርሻ ከ5.4 ካሬ ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ የአንዱ መስመር ቁመትም 1.3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። «ገ» እና «ጠ» በገበታው ላይ ተከታትለው ስለሚገኙ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ግፊት «ገባ» የሚለውን ቃል «ጠባ» ያደርገዋል። አስቀድሞ 33ቱን፣ ቀጥሎ 7ቱን የሚያስመርጥ ባለ 40 ሳጥን ገበታ ቢሠራ ለእያንዳንዱ 31 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። እንዲህ ያለው ማሻሻያ የሚጠቅመው ግን ልጁ በራሱ እጅ ሲጠቁም ነው። የሌላ ሰው ክንድ ካለበት ሰፊው ገበታም ቢሆን የሚነግረን የደጋፊውን ሐሳብ ነው።

በአገራችን ስለ ኦቲዝም በአደባባይ በመናገር ቀዳሚ ከነበሩት አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመው እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ደክመዋል። «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ብለው የሰየሙትም ማስተማሪያ የአማርኛን ድምፆች መሠረት ያደረገ ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱ ሊስተዋል ይገባል፤ ልጁን ድምፅ ማስተማር ሌላ ነው፣ በልጁ እጅ መጻፍ ሌላ ነው።

የዘዴው ተሟጋቾች ፈተናው ልጁን ያስጨንቀዋል፣ እምነትን ያፈርሳል ይላሉ። ከጊዜ በኋላ ያለ ድጋፍ የጻፉ ሰዎች አሉ ሲሉም ይከራከራሉ። ጭንቀቱ እንዲቀንስ ፈተናው በለመዱት ክፍል፣ በለመዱት ሰው ፊት ሊደረግ ይችላል፤ ያለ ድጋፍ የሚጽፍ ሰውም የሚጽፈው የራሱ ነውና ክርክር የለበትም። ሊቀር የማይገባው ፈተናው ነው፤ ዋጋውም ሁለት ሥዕልና አንድ መጋረጃ ብቻ ነው።

ይህ ሐሳብ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ተማሪው ፊደሉን በዜማ ስለ ደረደረ ብቻ አውቆታል አይልም፤ ከመካከል እየጠቆመ ይጠይቀዋል። ከዚህ እልፍ ብሎ በሰበታ ባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤትም መምህሩ የጀማሪውን ጣት በብሬል ነጥቦች ላይ ሊመራ ይችላል፤ ተማሪው አነበበ የሚባለው ግን የመምህሩ እጅ ከተነሣ በኋላ ነው።

የፈተናው ውጤት ልጁ የሚለው የለውም ማለት አይደለም። ገና አልሰማነውም ማለት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በሥዕልም ሆነ በመሣሪያ የሚደረገውን አማራጭ መግባቢያ ያውቃል። ስለሆነም ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው ልጁ ራሱ የሚያዝዘውን መሣሪያ መሥራት ነው፤ ጣቱን የሚያሳርፍበት ክፈፍ፣ ሲጫኑት ድምፅ የሚሰጥ የሥዕል ሰሌዳ፣ በአገር ቋንቋ የሚናገር ማሽን። ልጁ በእንዲህ ያለ ሰሌዳ ላይ ማንም ሳይነካው የውኃ ሥዕል ቢጠቁም፣ በሌላ እጅ ከተጻፈ ረጅም ደብዳቤ ይልቅ ለእናቱ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ቃሉ የራሱ ነውና።