ልጆቻችን ወደ መኮንንነት ሥልጠና ሲሄዱ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የተነጋገርነው ስለ ዶሮ እርባታው ብድር ነበር። የዛሬው ርእስ የጦር መኮንንነት ሥልጠና መሆኑን ስንናገር አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ቅጭም እንዳደረጋችሁ አይተናል። አንዲት እህታችንም «እኛ የቁጠባ ማኅበር ነን እንጂ የምልመላ ጣቢያ አይደለንም» ብላለች። ልክ ናት። ማኅበራችን ማንንም ወደ ጦር አይልክም፤ ማንንም አይከለክልም። ነገር ግን ከአባሎቻችን ልጆች መካከል ለዕጩ መኮንንነት የተመዘገቡ አሉ፤ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ዕድሜያቸው ደርሷል፣ አስበውበታል፣ ወስነዋል። ለእኛ የቀረን ጥያቄ ምን አስይዘን እንሸኛቸው የሚለው ነው።

ነገሩ የእኛ ነው የምንልበት ሌላም ምክንያት አለ። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ሻምቡ፣ ወደ ደምቢ ዶሎ ለንግድ የተመላለሰች ሴት ኬላ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ቅርጫቷን አውርዳ፣ መታወቂያዋን አውጥታ፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ትቆማለች። እዚያ የቆመው ወታደር ወጣት ነው። የሚያዘውም ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፤ ከሥልጠና ከወጣ ዓመት ያልሞላው ምክትል መቶ አለቃ ሊሆን ይችላል። ሠላሳ ያህል ሰው ዓይን ዓይኑን ያያል። እሱ ሲቆጣ ሁሉም ይቆጣሉ፤ እሱ ሲረጋጋ ሁሉም ይረጋጋሉ። ስለዚህ ጉዳዩ በሁለት በኩል ይነካናል፤ መኮንኑን የምንወልደውም እኛ ነን፣ ቅርጫቱን ይዘን ፊቱ የምንቆመውም እኛ ነን። በዚህ አገር ደግሞ በነዚህ ዓመታት ያየነውን አይተናል። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በዚህ አዳራሽ የለም።

አሁን ወደ ኋላ መለስ እንበል፤ ምክንያቱም ከተማችን በዚህ ጉዳይ ታሪክ አላት፣ ልጆቻችንም ብዙም አይነገራቸውም።

በዘመናዊ መልክ መኮንኖችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት በሆለታ የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ነው። አሠልጣኞቹ ስዊድናውያን ነበሩ፤ አለቃቸው ሻምበል ቪኪንግ ታም ይባላል። ሆለታ ከነቀምቴ አዲስ አበባ ስንሄድ በአምቦና በጊንጪ አልፈን የምናገኛት ያችው ሆለታ ናት። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የወጡ ገና ጢም ያላቀነቀኑ ልጆች ነበሩ። ሥልጠናቸውን በወጉ ሳይጨርሱ የጣልያን ወረራ ደረሰባቸው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ ከእነዚህ ዕጩ መኮንኖች ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ፣ ወደ እኛ ወደ ነቀምቴ መጡ። ከሌሎች የተማሩ ወጣቶች ጋር ሆነው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት በዚሁ በወለጋ ምድር ነው። መሪያቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበር። የወለጋው ይልማ ደሬሳም አብሯቸው ነበር፤ በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር የሆነው ማለታችን ነው።

በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ አረፉ። ጥቁር አንበሶቹ በሌሊት ከበው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ የመጡትን መኮንኖች ገደሉ። ይህን ሁላችሁም በጥቂቱም ቢሆን ሰምታችኋል። ሽማግሌዎች ሲያወሩት የሚጨምሩበት ነገር አለ፣ እሱን እንተወው። ታሪኩ ቀላል እንዳልነበረም እናውቃለን፤ በዚያን ጊዜ የወለጋ መሪዎች በማዕከላዊው መንግሥት ላይ ቅሬታ ስለነበራቸው የራሳቸውን መንገድ ይፈልጉ ነበር፤ ከሸዋ የመጣ የታጠቀ ሰው ሁሉ እንደ ወገን አይታይም ነበር። 

እኛ ግን ከአውሮፕላኑ ይልቅ የምንነግራችሁ ስለ ወረቀቱ ነው። እነዚያ ወጣቶች አሥር ነጥቦች ያሉት መተዳደሪያ ደንብ ጽፈው ነበር። ጦሩ ለፖለቲካው አመራር ይታዘዛል አሉ። ገበሬው እንዳይበደል ደነገጉ። ምርኮኛ እንዴት እንደሚያዝም ጻፉ። እስቲ አስቡት፤ አገር ፈርሷል፣ ንጉሡ ተሰዷል፣ ደመወዝ የለም፣ ስንቅ የለም፣ ያሉበት አካባቢ ሰው በጥርጣሬ ያያቸዋል። ጠመንጃ የያዘ የተራበ ወጣት ጎተራ ሰብሮ ቢወስድ የሚጠይቀው የለም። እነሱ ግን ቁጭ ብለው ገበሬው አይነካ ብለው ጻፉ። ደንቡ ሁልጊዜ ተፈጽሟል አንልም፤ ጦርነት ነው። መጻፉ ግን የመኮንን ሥልጠና ከሰልፍና ከተኩስ በላይ ምን እንደሆነ የገባቸው መሆናቸውን ያሳያል። መጨረሻቸው አሳዛኝ ነው። ራስ እምሩን ተከትለው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሄዱ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጅ ሰጡ። ከየካቲት 12 በኋላ ብዙዎቹ ተረሸኑ።

ሆለታ ከነጻነት በኋላ እንደገና ተከፈተ። ሐረር ላይ ደግሞ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በህንድ አሠልጣኞች የሚመራ፣ ሦስት ዓመት የሚፈጅ አካዳሚ ተቋቋመ፤ ከየትምህርት ቤቱ ጎበዝ ጎበዙ ወንድ ልጅ ይመረጥለት ነበር። ሴት ልጅ ያኔ አትታሰብም። ዛሬ ሴቶች ልጆቻችን ፎርም ሲሞሉ የምንደነግጠውም ስላልለመድነው ነው።

እንግዲህ ወደ ዝግጅቱ እንምጣ። ወደ መኮንንነት የሚገባው በሁለት በር ነው፤ አንዳንዱ ተራ ወታደር ሆኖ አገልግሎ ይመረጣል፣ አንዳንዱ ትምህርቱን ጨርሶ በቀጥታ ይገባል። የኛዎቹ በሁለተኛው በር የሚሄዱ ናቸው። ለምዝገባ ወይም ለማለፍ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣባችሁ አንድ ብር አትስጡት፤ ከቁጠባችሁ አውጥታችሁ እንዳትሰጡ አደራ። ማስታወቂያውን ከወረዳው አንብቡ፣ ካልገባችሁ ጸሐፊያችን ታነብላችኋለች።

ሩጫ ሁሉም ያስባል። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ወደ ስታዲየም ሲሮጡ እያየን ነው፣ ደስ ይላል። ነገር ግን ዕጩ መኮንንን ከሩጫ ይልቅ የሚጥለው እግሩ ነው። ቀላል ጫማ አድርጎ የሮጠ ልጅ ከስክስ አጥልቆ፣ ሸክም ተሸክሞ ሃያ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ተረከዙ ውኃ ይቋጥራል፤ በሦስተኛው ቀን ያነክሳል። ስለዚህ ከመሄዳቸው ሁለት ወር ቀድሞ ጠንካራ ጫማ ይልመዱ፤ በጀርባቸው መጀመሪያ አምስት ኪሎ፣ ቀስ እያለ አሥር፣ አሥራ አምስት ኪሎ እህል ይዘው ዳገት ይውጡ። ነቀምቴ ዳገት አላጣችም። እህሉን ወፍጮ ቤት ካደረሱትማ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ነው። ጥፍር አጭር ይቆረጥ፣ የጥጥ ካልሲ በዛ ተደርጎ ይያዝ፣ ማታ ማታ እግር ታጥቦ ይድረቅ። የኛ አገር እርጥብና ነፋሻ ነው፤ ሥልጠናው ቆላ ከሆነ ግን ፀሐዩ ሌላ ነው። ሳይጠሙ ውኃ መጠጣትን ከአሁኑ ይልመዱ።

እንቅልፍን በሚመለከት እኛ እናቶች አንድ ነገር ማድረግ እንችላለን፤ መቀስቀስ ማቆም። ልጁ በራሱ ሰዓት ይነሣ፣ አልጋውን ያንጥፍ፣ ልብሱን ይጠብ፣ ይተኩስ። በእንግሊዝ አገር ሳንድኸርስት በሚባለው የታወቀ የመኮንኖች ትምህርት ቤት ዕጩዎቹ የመጀመሪያ ቀን ሲገቡ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ በብብታቸው ይዘው ነው። ጄኔራል የሚሆነው ልጅ መጀመሪያ ካውያ ይዞ ይቆማል ማለት ነው! በዚህ በኩል ሴቶቹ ልጆቻችን ቀድመዋል። ወንዶቹን ግን እኛው አበላሽተናቸዋል የምትሉ እዚያ ጥግ የምትስቁ እህቶች፣ ገና ጊዜ አለ።

ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት ግን ኃላፊነት ነው። የመኮንን ሥልጠና ከተራው ወታደር ሥልጠና የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ተራው ወታደር ራሱን ችሎ መቆምን ይማራል። ዕጩ መኮንን ግን እሱ ራሱ ደክሞት፣ ተርቦ፣ በዝናብ እየተደበደበ ሌላው በልቷል ወይ፣ ማን ወደ ኋላ ቀረ፣ ውኃ የት አለ ብሎ እንዲያስብ ነው የሚገፋው። ይህ በሦስት ወር ከባዶ አይተከልም። ስለዚህ ልጆቻችሁን ከመሄዳቸው በፊት ሰው አስመሯቸው። በመጪው ወር የማኅበራችንን መጋዘን እናስተካክላለን፤ ሥራውን እነሱ ይምሩት፣ አሥር ሰው እንሰጣቸዋለን፣ እኛ አንገባም። ቢሳሳቱ እዚሁ ይሳሳቱ። እንዴት ብሎ ትእዛዝ እንደሚሰጥ፣ ሰነፉን እንዴት ሳያዋርዱ እንደሚያሠሩት ይዩት።

ሥልጠናው ውስጥ ከገቡ በኋላ ስለሚጠቅማቸው ጥቂት እንበል። ማስታወሻ ይያዙ፤ ትንሽ ደብተር፣ በላስቲክ የተጠቀለለች። ካርታ ማንበብና ኮምፓስ ብዙዎችን ያስቸግራል፤ ሒሳብ የሚችሉት ልጆቻችን ለጓደኞቻቸው ያስረዱ፣ ሲያስረዱ ራሳቸውም ይገባቸዋል። የቆዩ ሃምሳ አለቆችን አይናቁ። አዲስ ምክትል መቶ አለቃ ማዕረጉ ከሃምሳ አለቃው ይበልጣል፤ ዕውቀቱ ግን ገና ነው፤ ይህን ያወቀ ቶሎ ይማራል። ጉዳት አይደብቁ፤ የተሰነጠቀ አጥንት በጀግንነት አይድንም። አሠልጣኝ ሲጮህባቸው ስድብ አድርገው አይውሰዱት፤ ግን ጩኸትና ዱላ አንድ አይደሉም፣ ልዩነቱን ይወቁ።

የሕግ ትምህርት ሲሰጥ እንዳያንቀላፉ። ከሰልፍ በኋላ ተቀምጦ የሚሰጥ ትምህርት ስለሆነ እንቅልፍ ይመጣል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 87 መከላከያ ሠራዊቱ በማንኛውም ጊዜ ለሕገ መንግሥቱ ተገዥ ይሆናል፣ ከፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ ሥራውን ያከናውናል ይላል። የጄኔቫ ስምምነቶችም ቁስለኛና ምርኮኛ፣ መሣሪያ ያልያዘ ሰው እንዳይነካ ያዝዛሉ። ልጆቻችን ይህን ለፈተና ብቻ ከሸመደዱት ኬላ ላይ አይጠቅመንም። በእኛ ባህል እናት ሲንቄዋን ይዛ በሚጣሉ ሰዎች መካከል ከቆመች ጠቡ ይቆማል፤ ያልታጠቀ ሰው ይከበራል የሚለውን ከኛ ቤት ይዘውት ይሂዱ። ቋንቋም ሀብት ነው። አፋን ኦሮሞና አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር መኮንን አንዲትን አሮጊት በራሷ ቋንቋ «ሃርሜ» ብሎ ሲጠራት ኬላው ግማሽ ይቀልላል።

ለሴቶቹ ልጆች ለብቻቸው የምንነግራቸው አለን፤ እዚህ ወንዶችም ስላሉ ባጭሩ። የሚታጠብ የወር አበባ ጨርቅ የስፌት ቡድናችን ለእያንዳንዳቸው ስምንት ያዘጋጃል። ከጥሩ ጨርቅ የተሰፋ፣ ጠበቅ ያለ የጡት መያዣ አራት። ፀጉር ያጥር ወይም ጥብቅ ሹሩባ ይሠራ። ደም ማነስ ያለባት ከአሁኑ ጤና ጣቢያ ትታይ፤ ሩጫ ላይ ራስን የሚያዞረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ማንም አለቃ፣ በማንኛውም ማዕረግ፣ ማለፍና መውደቅን ከሰውነቷ ጋር ካያያዘ ቀኑንና ሰዓቱን በደብተሯ ትጻፍ፣ ለሚመለከተው ትንገር፣ ለእኛም ትደውል። እዚህ ያለን እናቶች አንዲቷንም ምን አድርገሽ ነው ብለን እንዳንጠይቅ በዚህ ስብሰባ እንስማማ። እጅ አውጡ። ጥሩ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ።

አቋርጦ የሚመለስ ልጅም ይኖራል። ሁሉ አያልፍም፤ አንዳንዱም ሳይሆንለት ይቀራል። ለመጣው ልጅ ቡና ይፈላለታል፣ ሥራ ይፈለግለታል፣ መንደር አይሳቅበትም።

ስንቁን በተመለከተ በሶና ጭኮ እንዲዘጋጅ ተስማምተናል። ከአንድ ሣጥን በላይ አትላኩ፤ ማስገባት ካልተፈቀደ በር ላይ ይቀራል። ቅቤው ይነጠር። ሰነዶቻቸውን፣ ማለትም የትምህርት ማስረጃ፣ መታወቂያና የቀበሌ ደብዳቤውን፣ ኮፒ አድርጋችሁ አንዱን እዚህ ቢሮ አስቀምጡ። የቁጠባ ደብተር ያላቸው ወራሽና ተወካይ ማን እንደሆነ ከመሄዳቸው በፊት ይፈርሙ፤ ይህን ማንሣት ሟርት አይደለም፣ ለዕድርም እናደርገዋለን። ችግር ቢፈጠር የሚጠራ ሰው በሚለው ፎርም ላይ ሁለት ስልክ ይጻፉ፤ አንዱ የእናት፣ ሁለተኛው የማኅበራችን ይሁን። የቢሮው ስልክ በሌሊትም ሰው እንዲኖረው ተራ አውጥተናል፤ ዝርዝሩ በሩ ላይ ተለጥፏል፣ ስማችሁን እዩት።