ጠቢቡና ጎርፉ

(በማኅበሩ አባላት ፊት የተደረገ ንግግር)



አፈወርቅ ተክሌ በ1940 ዓ.ም. ግድም፣ ገና በወጣትነታቸው፣ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እርሳቸው ግን ሥዕልን መረጡ። ይህን የሚሰማ መሐንዲስ ሙያው አንድ ታላቅ ሰው አመለጠው ብሎ ይቆጭ ይሆናል። ነገር ግን በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን፣ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነውን የመስተዋት ሥዕላቸውን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ሁለቱ ሙያዎች ያን ያህል እንዳልተራራቁ ይረዳል። ሠዓሊው ቅርጹንና ቀለሙን ወሰኑ፤ ብርሃኑን ግን ለፀሐይ ተዉላት። ማታ ከውስጥ ሆኖ ለሚያየው ያ ሁሉ ቀለም ጨለማ ነው።

እውነተኛ ጠቢብ ማለትም ይኸው ነው፤ ከማያዝዘው ኃይል ጋራ መሥራትን፣ ለዚያም ኃይል ስፍራ መተውን የሚያውቅ ሰው። ለዚህ አባባል ከሁሉ የበለጠው ምስክር ግን ከአዳራሽ ውጭ፣ በሰሜን ወሎ፣ በቆቦና በራያ ቆላ ይገኛል።

በበጋ በቆቦ አድርጎ ወደ አላማጣ የሚያልፍ መንገደኛ የሚያየው የደረቀ የአሸዋ ወንዝ ነው። በዳሩ የአፈር፣ የድንጋይና የቅርንጫፍ ክምር ቢያይ፣ ሠርተው የጣሉት መስሎት ያልፋል። ያ ክምር ክትር ነው። በክረምት በምዕራቡ ተራራ የዘነበው ዝናብ እንደ ሆርማትና ጎቡ ባሉት ወንዞች ሲወርድ፣ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚቆይ ጎርፍ ይሆናል። ገበሬው ክትሩን ወንዙን ፊት ለፊት እንዲገጥም አድርጎ አይሠራውም፤ ሰያፍ አድርጎ ያጋድመዋል፤ ውሃውም ሳይቆጣ ወደ ቦዩ ያዘነብላል። ከቦዩም ዙሪያውን በአፈር ወደ ተከተረው የማሽላ ማሳ ይገባል፤ አብሮት የመጣውም ደለል መሬቱን ያፋፋዋል።

የጥበቡ ፍሬ ነገር ከክትሩ ጥንካሬ ይልቅ በድካሙ ላይ ነው። ጎርፉ ከልክ ሲያልፍ ክትሩ ይፈርሳል፤ እንዲፈርስም ተደርጎ የተሠራ ነው። በመፍረሱ ቦዩንና ማሳውን ከጥፋት ያድናል፤ ከታች ላለው ገበሬም ውሃውን ይለቅለታል። የት ላይ ይሳሳ? ምን ያህል ይሳሳ? ይህ በወረቀት ያልሰፈረ፣ ነገር ግን በየክረምቱ የሚፈተን ስሌት ነው።

አማርኛ ለሸማው ጥለት፣ ለሥዕሉም፣ ለማስተዋሉም ጥበብ የሚል አንድ ቃል ሰጥቶ ሲያበቃ፣ ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ እያለ መስደቡ የሚያስገርም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ይሁን እንጂ የእጅ ጥበብን መናቅ የመሃይም ልማድ ብቻ አይደለም። ባለፉት አሥርታት በራያ ሸለቆ ከተሠሩት የኮንክሪት የጎርፍ መጥለፊያዎች መካከል በደለልና በድንጋይ የተደፈኑ አሉ። ስሌቱ ስለ ውሃው ተጨነቀ፤ ውሃው የተሸከመውን ግን አሳነሰ። በአንዳንድ ስፍራም ገበሬው ኮንክሪቱን ትቶ ወደ አፈር ክትሩ ተመለሰ።

ይህን ተናግሮ ገበሬውን አሞካሽቶ መሄድም ሌላ ስሕተት ነው። ክትሩን በየዓመቱ መልሶ መሥራት ጉልበት ይጨርሳል፤ የሚቆረጠውም ቅርንጫፍ ቆላውን ያራቁተዋል። ገበሬው ኮንክሪት ቢጠይቅ የሚፈረድበት አይደለም። ሥዕልን የሚወድ ሰው ሠዓሊው በድህነት እንዲኖር አይመኝም።

ጥበብን ማድነቅ የሠሪው እጅ የት ላይ እንደ ቆመ፣ ለምንም እንደ ቆመ ማወቅን ይጠይቃል። ክትሩን በበጋ ብቻ ያየ መሐንዲስ አላየውም። በሐምሌና በነሐሴ ጎርፉ ሲደርስ ከወንዙ ዳር የቆመ ግን፣ ከኮንክሪቱ ጎን በጎርፍ የሚጠረግ የአፈር ክፍል መተው እንደሚያሻ ይገባዋል፤ ዘዴው ዛሬ በጎርፍ መስኖ ዲዛይን የታወቀ ነው። የዚያን ክፍል ቁመት ለመወሰን የሚያስፈልገው የወንዝ ልኬት ብዙውን ጊዜ በመዝገብ አይገኝም። ጎርፉ በየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ድንጋይ እንደ ደረሰ የሚያመለክቱት፣ ክትሩን ሲሠሩ የኖሩት ሽማግሌዎች ናቸው።