ከአስኮ ወደ ኮክፒት

እሷ፦ አስኮ የሚኖር ወጣት አድማጫችን የአብራሪነት ሥልጠናውን ጨርሷል። «ከትልቅ ጄት ልጀምር ወይስ ከአጭር ርቀት በረራ?» ይላል።

እሱ፦ እኔ ከአጭሩ እላለሁ፣ እህቴ። የካፒቴንነቱ ከፍተኛ ፈቃድ በዓለም አቀፉ መመዘኛ 1500 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። አዲስ አብራሪ ከሰዓቱም በላይ የሚያስፈልገው ደጋግሞ መነሣትና ማረፍ ነው።

እሷ፦ ለዚህ ደግሞ የአገር ውስጡን በረራ የሚያህል የለም! ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ጅማ... ተራራው፣ የክረምቱ ደመና፣ ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነው የበረሩት በባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው።

እሱ፦ ትልቅ ምስክር ናቸው። አገር ለቆ መሥራት ለሚፈልግም ሎሜ ላይ የተቋቋመው አስካይ አየር መንገድ አለ፤ በጥር 2002 ዓ.ም. መብረር ሲጀምር የእኛው አየር መንገድ ባለድርሻና አጋሩ ነበር።

እሷ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሲቀጠር የሚፈርመው ውል ነው። የግዴታ አገልግሎቱ ስንት ዓመት ነው? ቢለቅ ምን ይከፍላል? ዋሱስ ማን ነው? ቤተሰብ ዋስ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በደስታ ስሜት ነው።

እሱ፦ ልክ ነሽ። ወንድማችን፣ ደመወዙን ከመጠየቅህ በፊት ውሉን ከሕግ አዋቂ ጋር ተቀምጠህ አንብብ።